ከሊቀመንበሩ ጋር ሁለት ስንቀር

ስሙኝማ! ይሄን ነገር ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ፤ ከሰማችሁ በኋላ ባለጌ በሉኝ፣ አፈ ጮሌ በሉኝ፣ ደስ ያላችሁን በሉኝ። እኔ ስምንተኛን ጨርሼ የዘጠነኛን በር በውጭ በኩል ያየሁ ሰው ነኝ። የተማረ እንደሚጽፈው አሳምሬ መጻፍ አልችልም። የማውቀውን ግን አውቃለሁ። በቀበሌያችን አዳራሽ፣ ነገሌ ቦረና፣ ካርታ ተጀምሮ ሰው እየተነሳ እየተነሳ ሄዶ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር፣ ማን እንደሚሸነፍ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። አንደኛው ሁልጊዜ ሊቀመንበሩ ነው። ሌላኛው ማንም ይሁን ማን፣ ተሸናፊው እሱ ነው።

ካርታው ፖከር ይባላል። ከሞያሌ ማዶ ሾፌሮች ናቸው ያመጡት። አምስት ካርታ ይታደልሃል፣ ያልወደድከውን አንዴ ብቻ ትቀይራለህ፣ ከዚያ ወይ ትገፋለህ ወይ ትጥላለህ። መግፋት ማለት ከፊትህ ካለው ክምር ወደ መሃል ማስገባት ነው። ባላጋራህ ካልደፈረ ካርታውን ይጥልና መሃል ያለውን አንተ ትሰበስባለህ፤ ምን እንደያዝክ የማሳየት ግዴታ የለብህም። ከደፈረ ይገለጣል፣ የበለጠው ይበላል። እንግዲህ የጨዋታው ነፍስ ያለችው እዚህ ላይ ነው፦ ባዶ ሆነህም መግፋት ትችላለህ። ሰው ከፈራህ ባዶህን አሸነፍክ።

በገንዘብ ከሆነ ቁማር ነው፣ ቁማር ደግሞ የአድሃሪ ነው ተባለ። ሊቀመንበሩ ግን ጨዋታውን ወዶታል። ስለዚህ ራሱ መላ መታ፤ በበቆሎ ፍሬ ይሁን አለ። ለሁሉም እኩል ይሰፈራል፣ ፍሬው ያለቀበት ከወንበሩ ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ የቀረ አሸነፈ። ስሙንም «የአእምሮ ስፖርት» አለው። በበቆሎ ሲሆን ሶሻሊስት ይሆናል ማለት ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ።

በየዓመቱ የአብዮት በዓል ሲመጣ ውድድር ይደረጋል። በየዓመቱ ሊቀመንበሩ ያሸንፋል። በየዓመቱ እናጨበጭባለን።

አንድ ዓመት መጨረሻ ላይ ከሱ ጋር የቀሩት ጨርቅ የሚሸጡት ባለሱቅ ነበሩ፤ ከጉራጌ አገር ከአባቴ ጋር በአንድ መኪና የመጡ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ሰውዬ። ከኋላቸው ቆሜ ካርታቸውን አየሁት። ሦስት ንጉሥ! ሊቀመንበሩ ትንሽ ገፋ። ጋሼ ካርታቸውን አዩ፣ ሊቀመንበሩን አዩ፣ ከዚያ ሦስቱንም ንጉሥ ገልብጠው ጣሉ። ስንወጣ ደሜ ፈልቶ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ ሦስት ንጉሥ ይዘው ይጥላሉ?»

«አንተ የኔን ካርታ አየህ፤ እኔ ደግሞ ሱቄን አየሁ» አሉኝ። «ሦስት ንጉሥ ሱቅ አይከፍትም። እሱ ግን ይዘጋል።»

እውነታቸውን ነው። ግን እኔን ሌላ ነገር ነው ያበሳጨኝ። በሚቀጥለው ዓመት ከሊቀመንበሩ ጋር ሁለት የቀረሁት እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ የሚዘጋ ሱቅ የለኝም። ለማሸነፍ ነው የተቀመጥኩት፣ አንጀቴ እስኪደርቅ ነው የተጫወትኩት። ግን ባዶ ስሆን ይደፍረኛል፣ ሲኖረኝ ይጥላል። ካርታዬን በጀርባዬ የሚያነብ ሰው ያለ ይመስል ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። አዳራሹ ሁሉ የተሸነፍኩት አውቄ መሰለው። «ጎበዝ፣ ብልህ ልጅ፣ አሳለፍክለት» እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። ከሽንፈቱ የበለጠ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ሰው ተሸንፎ ሲመሰገን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ከሱ ጋር ስለሚያያዝ ነው። እኔ የከብት ደላላ ነበርኩ። ያስተማረኝ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ነው። በኛ ገበያ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ዙሪያውን ሰው ከቦ ይጮሃል፣ ይሳደባል፣ የበሬውን ጭራ ይጎትታል፤ ገዢና ሻጭ ግን እጃቸውን ሽርጥ ስር አግብተው ጣት ለጣት ይጨባበጣሉ። አንድ ጣት መያዝ፣ ሁለት ጣት መያዝ፣ አንጓ ላይ መጫን፣ ሁሉም የራሱ ዋጋ አለው። ፊት ግን ሌላ ነው። ፊት ያኮርፋል፣ ይስቃል፣ «ይሄ በሬ ነው ወይስ ፍየል?» ይላል። ሽርጡ ስር ያለውን ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም።

አጎቴ የመጀመሪያ ቀን የነገረኝ ይሄን ነው፦

«ፊትህ እንደፈለገው ይዋሽ። ጣትህ የዋሸ ቀን ግን ከዚህ ገበያ ውጣ፣ የኔም የእህት ልጅ አይደለህም።»

ጣቱን ጨብጦ የካደ ደላላ እኛ ጋ ሞቷል። ቦረናው አያምነው፣ ሶማሌው አያምነው፣ ሰላምታም የሚሰጠው የለም። እኔም ፊቴ እንደ ግድግዳ፣ ጣቴ እንደ ቁርአን፣ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ሆኜ ነው ያደግሁት።

እንግዲህ ከሽንፈቴ በኋላ በመጣው ዓመት የሆነውን ስሙ። ሕዝቡ አዳራሽ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ካኪውን ግጥም አርጎ ተነሳና ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ወጣቶች ስም አስጠራ። የኔም ስም ተጠራ። የጋሼ የባለሱቁ ልጅም ተጠራ፤ ሦስት ንጉሥ ጥለው ሱቃቸውን ያቆዩት ጋሼ። እናቴ ከሴቶቹ መሃል «ወይኔ» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ ቀጠለ፦

«የዘንድሮ የአእምሮ ስፖርት አሸናፊ ቀበሌያችንን ወክሎ አዋሳ ይሄዳል። የቀበሌው ተወካይ የሆነ ከዚህ የውትድርና ዙር ይዘለላል። አሸናፊው መሄድ ካልቻለ ደግሞ ቦታውን ለሚመርጠው ጓድ ያስተላልፋል።»

አጨበጨብን። አዋሳ ሄዶ ምን እንደሚጫወት፣ ከማን ጋር እንደሚጫወት ማንም አልጠየቀም። ሁሉም ገብቶታል። የሊቀመንበሩ ሚስት ወንድም ከኔ ጋር ስሙ ከተጠሩት አንዱ ነው፤ ካርታ ጨብጦ አያውቅም። ሊቀመንበሩ ያሸንፋል፣ ቦታውን ለአማቹ ያስተላልፋል፣ ሕጉ ሳይነካ ሁሉ ነገር ያምራል። ቆንጆ ነው አይደል? እኔ ግን አንድ ቃል ያዝኩ። «አሸናፊ» ብሏል። በሰው ፊት፣ በአፉ፣ ብሏል።

ያን ሰሞን አንድ ሾፌር ከተማችን ውስጥ ተሰንክሎ ነበር። ኤንትሬ የጭነት መኪናው ካምቢዮው ተሰብሮ፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት ገበያው ዳር ግራር ስር አቁሞ ይተኛል። ቀይ፣ ሆዱ ወጣ ያለ፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚጎድል ሰውዬ። ፖከርን ናይሮቢ ከሚነዱ ሰዎች ነው የተማረው። ሄጄ «ሁለት ሰው ሲቀር እንዴት እንደሚጫወቱ ያስተምሩኝ» አልኩት።

«ለምን ሁለት? ሙሉውን ጠረጴዛ አትማርም?»

«ሙሉውን እችላለሁ። ሁለት ስንቀር ነው የምሞተው።»

የመኪናውን የጎን መዝጊያ፣ ስፖንዳውን አወረደው፣ እሱ ጠረጴዛችን ሆነ። ቀን ቀን ገበያ በሌለበት ሰዓት ተቀምጠን እንጫወታለን። መጀመሪያ ላይ አጨዋወቴን አየ፤ ከዚያ ሳቀብኝ።

«አንተ ትጠብቃለህ» አለኝ። «ስድስት ሰው ሲቀመጥ መጠበቅ ብልህነት ነው። አንዱ ሲሞኝ ሌላው ሲነድ አንተ ካርታህን እየጣልክ ጥሩው እስኪመጣልህ ታያለህ። ሁለት ስትሆኑ ግን በየእደላው መግቢያ ፍሬ ታስገባለህ። ስትጠብቅ ስትጠብቅ ሰውዬው በፍሬ በፍሬ ይግጥሃል። ሰንጋ ይመጣል ብለህ ተቀምጠህ ጥጃውም ያልቅብሃል።»

«ታዲያ በምን ልግፋ? ካርታ ከሌለኝ?»

«እሱስ ካርታ አለው ብሎ ማን ነገረህ? አምስት ካርታ ይዞ ጥንድ እንኳ የሚያገኝ ስንቴ ነው? ሁለት ሰው ሲቀር ጥንድ ሦስት ማለት ንጉሥ ነው። አንድ አስ ብቻዋን ልዕልት ናት። ቀድሞ የገፋ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ካርታው ይበልጣል ወይ ሌላው ይፈራል። የሚጠብቅ ሰው አንድ ብቻ ነው ያለው።»

ይሄ በአንድ ቀን ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ጥንድ ካየሁ እንደ ተቆጣ ወይፈን ነው የምገፋው። እሱም ደስ አለው። ግን አሁንም ባዶ ስሆን ይደፍረኛል፤ ልክ እንደ ሊቀመንበሩ። ሳቅሁ፣ አኮረፍኩ፣ አፏጨሁ፣ አይሆንም። ያውቅብኛል። አንድ ቀን ካርታዬን ስፖንዳው ላይ ወርውሬ ተነሳሁ።

«አስማት አለዎት?»

«ቁጭ በል። አስማት የለኝም፣ ዓይን ነው ያለኝ። ፊትህን ተወው፣ ፊትህ ድንጋይ ነው፤ እንዲህ ያለ ፊት ናይሮቢም አላየሁ። ጣትህ ግን ወሬኛ ነው። ሲኖርህ ፍሬውን በመዳፍህ ሙሉ ትገፋዋለህ። ባዶ ስትሆን በጣትህ ጫፍ፣ እንደ ትኩስ ፍም። እጅህ ሲዋሽ ያፍራል እንዴ?»

ደነገጥኩ። ያፍራል እንጂ! አጎቴ ነው ያሳፈረው። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ተገለጠልኝ፤ ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት ምን ነበር? ከብት ገዢ! ከኛው ገበያ፣ ከኛው ሽርጥ ስር ጣት ሲጨብጥ ያደገ ሰው ነው። እሱ ፊቴን መች አየ? ጣቴን ነበር የሚያየው። ሌላ አገር የተወለደ ሰው ቢሆን ይሄን ስህተት አይሠራም ነበር፣ ሌላ አገር የተወለደ ሊቀመንበርም አያነብበውም ነበር።

ላስተካክለው ሞከርኩ። በግራ እጄ ገፋሁ፤ ግራውም ያፍራል። በክንዴ ገፋሁ፤ ክንዴ ዘገየ። በጣሳ እየሰፈርኩ ላስገባ አልኩ፤ ጣሳው ተንቀጠቀጠ። ሾፌሩ ሆዱን ይዞ ይስቃል። «አንተ ልጅ፣ እግዜር ሐቀኛ አርጎ ፈጥሮህ ካርታ ምን አመጣህ?»

መድኃኒቱን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። ስንጫወት አንድ የማውቃቸው ቦረና ሽማግሌ ከብት ሽጠው ሲመለሱ አገኙን። የቦረናን ሰላምታ የማታውቁ ካላችሁ፣ «አካም፣ ናጋ?» ተብሎ አያልቅም። ሰላም ነህ? ልጆቹ ሰላም? ከብቱ ሰላም? ግጦሹ፣ ውኃው፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ፣ መንገዱ ሰላም? እያንዳንዱን «ናጋ፣ ናጋ» እያልክ ትመልሳለህ፣ ከዚያ ተራው ያንተ ነው፤ ትጠይቃለህ። አቋርጦ ዞር ማለት ስድብ ነው። ሾፌሩ ደግሞ ካርታውን አድሎ «ግባ እንጂ፣ ትቀይራለህ አትቀይርም?» ይለኛል። እኔ ዓይኔን ከሽማግሌው ሳልነቅል «አልቀይርም» አልኩና ከፊቴ ያለውን እፍኝ ገፋሁለት። ካርታዬን አልነካሁትም።

ሰላምታው አልቆ ሽማግሌው ሲሄዱ፣ ሾፌሩ ካርታውን ጥሏል።

«ምን ነበረህ? በአንዴ ሞላልህ?» አለኝ።

«እንጃ። አላየሁትም።»

ገለጥነው። ምንም የለም፤ ቆሻሻ። ሾፌሩ ጎማው ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ። «ጥንድ ጃክ ጣልኩልህ እኮ! እጅህን አየሁት፣ አላፈረም!»

ከየት ይፈር? ጣቴ የማያውቀውን ነገር በምን አንደበቱ ይናገር? ያልዋሸ እጅ ነው። ካርታው ጥሩ ይሁን መጥፎ እኔም አላውቅ፣ ስለዚህ የገፋሁት ውሸት አይደለም።

«ሳያዩ መጫወት ክልክል ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ካርታህን እይ የሚል ሕግ የትም አላየሁም። ለራስህ ካርታ ዘበኛ አይቀጠርልህም። ግን ስማ፣ ይሄ ነገር ሁልጊዜ አይሠራም። ደፋር ሰው ካጋጠመህ ይበላሃል። የሚሠራው መሸነፍ የሚያስፈራው ሰው ላይ ነው።»

«አንድ ሰው አውቃለሁ» አልኩት።

ከውድድሩ በፊት ያልመከረኝ የለም። አጎቴ ጠርቶ አስቀመጠኝ። «ተሸነፍለት» አለኝ። «ደጋግመህ ካቀለልክለት ይራራልሃል። የሚመታህን በትር የያዘን ሰው ፊት ለፊት አይገጥሙትም።»

«አጎቴ፣ አንቱ ራስዎ ያለፈው ዓመት ስሸነፍ አጨብጭበዋል። ራራልኝ? ስሜን አስጠራ እንጂ።»

«አንተ አፍ ብቻ ነህ።»

«አፍ ብቻ ከሆንኩማ እኔን ለምን ይወስዱኛል? አፌን ይውሰዱ።»

እናቴ አልመከረችኝም። ሸሚዜን አጥባ፣ ተኩሳ ሰጠችኝና «ቀና ብለህ ተቀመጥ» ብቻ አለችኝ።

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። በሩ ላይ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሟል፤ እሱም አንገቱን አስግጎ ያያል። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጫጫዋል። ሰዉ አንድ በአንድ ተነሳ። የባለሱቁ ልጅ ጥሩ ተጫውቶ ነበር፤ ግን ከሊቀመንበሩ ጋር ሲገጥም አባቱ ከኋላ ሳል ሳሉ፣ ልጁም ሰምቶ ካርታውን ጣለ። ደግሞ ጣለ። ደግሞ ጣለና ፍሬው አልቆ ተነሳ። እኔ የሌሎቹን ጠራረግሁ። ሁለት ቀረን።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። እንደ ገበያ ሰው ዓይኑን እጄ ላይ አሳረፈ። አወቅሁ ማለት ነው፣ ልክ ነበርኩ።

ካርታ ታደለ። አምስቱንም ተገልብጠው እንዳሉ ተውኳቸው። እጄን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ እሱን አየሁት።

«ካርታህን አታይም እንዴ?»

«እርስዎን እያየሁ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ በሳል ለወጠው።

«ትቀይራለህ?»

«ምን ጎደለው ብዬ?»

እፍኝ ሙሉ ገፋሁ። በመዳፌ፣ ጥርግ አድርጌ። እጄን አየ፣ አየ፣ አየ፤ እጄ ምንም አልነገረውም። ካርታውን ጣለ። በሚቀጥለው ደግሞ እንዲሁ። ደግሞ እንዲሁ። አንድ ጊዜ ደፍሮኝ በላኝ፤ አዳራሹ በሙሉ ከልቡ ሳይሆን ከመዳፉ አጨበጨበ። እኔ ግን ምንም ሳይመስለኝ የሚቀጥለውንም ሳላይ ገፋሁ። ያኔ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አየሁ። ይሄ ሰውዬ በቀበሌው ውስጥ ለስንት ዓመት ሲያሸንፍ የኖረው ሰው ሁሉ ስለሚፈራው ነው፤ ስለዚህ መጫወት አልለመደም። ጥሩ ካርታ እስኪመጣለት መጠበቅ ጀመረ። እኔ ዓምና የሠራሁትን ስህተት እሱ ዘንድሮ ሠራው። ፍሬው በፍሬ በፍሬ ወደ እኔ መጣ። ያልታየ ካርታ ደፍሮ ቢሸነፍ ምን ሊባል ነው? «ካርታውን ላላየ ሰው ተሸነፈ» ሊባል! መጣል ይሻለዋል። ይጥላል።

አንድ ሰዓት ላይ መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ጠረገና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለሁለታችን ብቻ፣ እንዲህ አለኝ፦

«አንተ ልጅ፣ ምን እየሠራህ እንደሆነ ገብቶሃል?»

«እየተጫወትኩ ነው። ጨዋታ አይደለም እንዴ?»

በመጨረሻ ከፊቱ ትንሽ ክምር ሲቀር አምስት ካርታውን አይቶ ዓይኑ በራ። ሦስቱን ቀየረ። ያለውን ሁሉ በሁለት እጁ ገፋ። እኔ ካርታዬን አልነካሁም።

«ደፈርኩ» አልኩ።

«ሳታይ?»

«ሳላይ።»

የሱን ገለጠ፤ ጥንድ ስምንት። የኔን አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመርኩ። አራት። ዘጠኝ። ንግሥት። ሁለት። ያን ጊዜ እውነቴን ነው፣ የሰሜኑ ጦር ሜዳ ነው የታየኝ፣ የወታደር ልብሱ፣ ሬንጀሩ ነው የታየኝ። የመጨረሻዋን ገለበጥኩ።

ንግሥት።

ጥንድ ንግሥት! ማንም አላጨበጨበም። ለማን እንደሚጨበጨብ አይታወቅማ። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንዲት እልልታ ወጣች፣ ወጥታም ብቻዋን ቀረች። እናቴ ነበረች። የባለሱቁ ልጅ ቀስ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ።

ሊቀመንበሩ ተነሳ። ካኪውን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገ። ሲቆጣ እጠብቃለሁ፤ አልተቆጣም። ስብሰባ ላይ እንደሚናገረው ረጋ ብሎ ተናገረ።

«ጓዶች፣ ይሄ የአእምሮ ስፖርት ነው። ካርታውን ሳያይ የተጫወተ ሰው አእምሮውን አልተጠቀመም። ዕድል ነው የተጠቀመው፤ ዕድል ደግሞ ኋላ ቀር እምነት ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ጨዋታ ተሰርዟል። አሸናፊው አስቀድሞ በነበረው ሁኔታ ይወሰናል።»

«አስቀድሞ በነበረው ሁኔታ ማለት?» አልኩ ተነስቼ።

«ዓምና ማን አሸነፈ?» ብሎ ሕዝቡን ጠየቀ።

ሕዝቡ ያውቃል። ጋሼ ባለሱቁ መጀመሪያ አጨበጨቡ፤ ልጃቸውን እያዩ፣ ምናልባት ይራራላቸው ብለው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ሌላው ተከተለ። አጎቴ መሬት መሬት እያየ አጨበጨበ።

እኔ አላጨበጨብኩም። «የትኛው ሕግ ነው ካርታህን እይ የሚለው? አምጣና አሳየኝ!» ብዬ ጮህኩ። «አንተ» አልኩት፣ አዎ፤ «እርስዎ» ማለቱ እዚያው ሞተ። አብዮት ጠባቂው በክርኔ ይዞ አወጣኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «ጥሩ ተጫወትክ፣ ወንድሜ» አለኝ። ይሄንንም እጽፈዋለሁ፤ እሱም ሰው ነው።

አማችየው አዋሳ ሄደ። ምን እንደተጫወተ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እኔና የባለሱቁ ልጅ በአንድ መኪና ተጫንን። መኪናው ቦሬ ላይ ቆሞ በደጋው ብርድ ስንንቀጠቀጥ ልጁ ሊያስቀኝ ፈልጎ፦ «አባቴ ሳል ባይስሉ ኖሮ እኔ አንተን እዚያው ከጠረጴዛው አነሳህ ነበር» አለኝ። «ሕልምህን ተኝተህ እይ» አልኩት። ሳቅን። ሰሜን ሄድን። እኔ ግራ ጆሮዬን እዚያ ትቼ መጣሁ። እሱ አልመጣም። የጋሼ ሱቅ ዛሬም ክፍት ነው፤ ጨርቅ እየለኩ ሳለ ሜትሩን ይይዙና ምን ሊለኩ እንደነበር ይረሳሉ።

ሰው ሲያጽናናኝ «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው፣ ካርታ ነው» ይለኛል። ካርታ አይደለም። ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ፊት ለፊት ሲተያይ፣ አንዱ ጠመንጃ የያዘ ሰው በር ላይ አቁሞ፣ ሕጉን ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ ሲሸነፍ ደግሞ ጠረጴዛውን ያነሳል። እንደዚያም ሆኖ አሸነፍኩት፤ ያንን የሚሰርዝ ስብሰባ የለም። አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቷል፣ የሱ ዓይን ራሱ አይቷል።

እናንተ ግን፣ በየአዳራሹ ወንበር ይዛችሁ ስም ስታስጠሩ የነበራችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር መልሱልኝ። እኔ አምስት ካርታ ሳላይ ስለገፋሁ አእምሮ አልተጠቀመም ብላችሁ ሰረዛችሁብኝ፤ እናንተ የስንት እናት ልጅ ፊቱን እንኳ ሳታዩ ወደ እሳት ስትገፉ፣ የእናንተን ጨዋታ የሚሰርዘው ማን ነበር?